ግንቡ ሳይጠሩት የጠገናቸው ወንበሮች

ይሄን ታሪክ መጀመሪያ የነገረችኝ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሶፋ ቤት ጨርቅ የምትሰፋው። እሷ ስትናገር ደግሞ ቆጥባ ነው፤ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጀምራ ጨረሰችው። ቀጥሎ ባለታሪኩ ራሱ ነገረኝ። መጨረሻውን በዓይኔ በብረቱ አየሁት። እንግዲህ አሟልቶ የሚያውቀው ማነው? እኔ ነኛ! ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጭንቅላቴ ግን መጋዘን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ስነዳ የማን ዕቃ የት እንደሚወርድ በወረቀት ይዤ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የሙሽሮችን አልጋ ሌላ ሰው ቤት አውርጃለሁ። እሱም ቢሆን የኔ ጥፋት አይደለም፤ ሁለቱም ቤት አረንጓዴ በር ነበራቸው። አልጋውን ልንመልስ ስንሄድ ሰዎቹ ተኝተውበት ተመችቷቸው አንሰጥም ብለው የተጣሉት ጠብ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ይቅር፣ ሌላ ጊዜ።

ሰውዬው ሶፋ ሰሪ ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ግንቡ ነው የሚሉት። በር ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፤ ላይ ደርሶ ደግሞ "የት ላስቀምጠው?" ብሎ በቀጭን ድምፅ ሲጠይቅ ሰው ከጀርባው ሌላ የተናገረ ይመስለውና ዞር ዞር ይላል። እኔም በጉብዝናዬ እንደሱ ነበርኩ። እንዲያውም እበልጠው ነበር። አሁን ወገቤን አትዩት፤ ወገቤ የተበላሸው በጭነት ሳይሆን በመቀመጫ ነው።

የሚሠሩበት ቤት ረጅም አዳራሽ ነው። በአንድ ወገን ስፖንጅ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፣ በሌላው የእንጨት አጥንቱ ብቻ የቆመ ሶፋ ተደርድሯል። የወንድሜ ልጅ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። ታዲያላችሁ የድሮ ሶፋ ሰሪዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ትንንሾቹን ሚስማሮች አፋቸው ውስጥ ይይዛሉ። አንድ እጅ ጨርቁን ይወጥራል፣ አንዱ መዶሻ ይዟል፤ ሚስማሩን በምላስ እያወጡ ነው የሚመቱት። ዛሬ በአየር የሚተኩስ መሣሪያ መጥቶ ልጆቹ ሁሉ ጧ ጧ ያደርጋሉ። ግንቡ ግን በአፉ ነው። አፉ ሚስማር የያዘን ሰው ደግሞ ብትጠይቀው መልሱ "እምም" ነው፤ የሚቀየመው የለም።

የወንድሜ ልጅ ነገሩን ያየችው እዚህ ላይ ነው። በእኔ ወጥታ ነው፤ የእኛ ዘር ዓይኑ አያልፍም። ግንቡ ስፖንጅ ሲቆርጥም ሚስማር አፉ ውስጥ ነው። ስፖንጅ ምን ሚስማር ይፈልጋል? ሙጫ ሲቀባም እንዲሁ። ጠዋት ግንባሩ አብጦ ወይ ጆሮው ተቧጭሮ የመጣ ቀን ደግሞ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው እፍኝ ሚስማር አፉ የሚከተው።

"ዛሬስ ምን ሆንክ?" ይሉታል።

"እምም።"

"ግንቡ ተሰነጠቀ እኮ! ሲሚንቶ አምጡ!"

"ሶፋ ወድቆበት ነው።"

"የማን ሶፋ ነው ጥፍር ያለው?"

ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ሚስማሩን እንዳይውጥ ተጠንቅቆ።

የሚመታው ሚስቱ ናት። አዎ፣ ሚስቱ። ከትከሻው በታች የምትቀር፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት፣ አፏ ማር የሆነ ሴት። ለልጅ ልጆቼ ደብተር ስገዛ "አባባ ይቀመጡ፣ ፀሐይ ነው" ትለኝ ነበር። እኔ እንኳ ያኔውኑ ጠርጥሬአታለሁ። አሁን ሰው ሁሉ እንደዚህ ይላል፤ የኔ ግን እውነት ነው።

ነገሩ በቃላት ነው የተጀመረው። ደመወዙን ተቀብላ የታክሲ ትሰጠዋለች፤ ታክሲ አጥቶ ሲዘገይ ቆሻሻ፣ ሬሳ፣ የማይረባ ትለዋለች። ከዚያ ጫማ ተወረወረ፣ ከዚያ ጭልፋ። በመጨረሻ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ባለበት የጋለ ካውያ ትከሻው ላይ አሳረፈችበት። እጁን ቢያነሳ በአንድ ጣት ይገፋታል፤ አላነሳም። ለምን አትሉም? ቁጭ ብላ በሰከነ አፍ ነግራዋለች።

"ሂድ ተናገር። እኔ ደግሞ መታኝ ብዬ እጮሃለሁ። እጅህን እየው፣ እጄን እየው። ማንን ያምናሉ? ዛሬውኑ ታስረህ ታድራለህ።"

ሰውዬው በዚህ ነው የታሰረው፤ እስር ቤት ሳይገባ። ቢቀመጥ ታቃጥለዋለች፣ ቢናገር ይታሰራል።

አንድ ቀን ሙቀት ሆኖ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተጣበቀና የቁስሉ ቅርጽ በጨርቁ ላይ ታየ። የወንድሜ ልጅ ከመኪናዋ ተነሥታ ክንዱን ይዛ ስፖንጁ ክምር ኋላ ወሰደችው።

"አፍህ ውስጥ ያለውን ትፋ።"

"እምም።"

"ትፋ አልኩህ! ይሄ የካውያ አፍ ነው። እኔ ስንት ዓመት ካውያ የያዝኩ ሴት፣ በእምም ልታታልለኝ?"

ያኔ የራሷን ነገረችው። ያ የመጀመሪያ ባሏ ምን ያደርጋት እንደነበር እኔ እዚህ አላወራም፤ የእሷ ነው። እኔ ያኔ ረጅም መንገድ ላይ ነበርኩ እንጂ ሰውዬውን ከነጫማው ጭኜ ገደል ነበር የማራግፈው። እሷ ግን ያለኔ ወጣች። ማን አወጣት? ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቡናማ በር ያለው ቢሮ። ቤቱ ውስጥ የሚደበደብ፣ የሚሰደብ፣ የሚዘረፍ ሰው የሚሄድበት ነው። ያዳምጣሉ፣ ጠበቃ ያገናኛሉ፣ ሆስፒታል ይልካሉ፣ ማደሪያ ያፈላልጋሉ። አያስከፍሉም።

"ለሴት ነው እንጂ..." አለ ግንቡ።

"ወንድም ይቀበላሉ።"

"እንደኔ ያለ ወንድ?"

"በሩን አስፍተው ይከፍቱልሃል፤ ሂድ!"

ሄደ። በምሳ ሰዓት ሄደ፤ ግን እንደ ልማዱ የዕቃ ቦርሳውን አንግቶ ነው የሄደው። ሶፋ ሰሪ መዶሻውን ሥራ ቤት ትቶ አይወጣም፤ ተመልሶ ሲመጣ አያገኘውማ። ይቺ ናት ጉድ የሠራችው።

በሩን ከፍቶ ገባ። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ቦርሳውን አየች፣ የመዶሻውን እጀታ አየች፣ ፊቷ በራ።

"ተመስገን! የወንበሩ ሰውዬ! ስንት ጊዜ ነው የደወልንልህ? ናማ፣ ናማ፣ እነዚህ ናቸው፤ ሰው እየጣሉብን እኮ ነው!"

ግንቡ አፉን ከፈተ። በክፍሉ ውስጥ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች፣ አንዲት ልጅ እግር ስልኳ ላይ አቀርቅራለች፣ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ኋላ እንደሰማነው እሳቸውን የሚመታቸው የገዛ ልጃቸው ነው። ሁሉም ቀና ብለው እሱን አዩት፤ እሱም በዓይናቸው ውስጥ የገዛ ግዝፈቱን አየ። አፉን ዘጋ። ምን አደረገ መሰላችሁ? ከቦርሳው እፍኝ ሚስማር አውጥቶ አፉ ውስጥ ከተተና ተንበርክኮ ወንበር ገለበጠ!

ሰው ችግሬን ልናገር ብሎ ሄዶ ወንበር ሲጠግን እኔ በዕድሜዬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። አንድ የማውቀው ረዳት ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ የሐኪሙን መኪና አጥቦ መጥቷል፤ እሱ ግን ለገንዘብ ነው።

ወንበሮቹን ሲያይ ደግሞ ገረመው። ጨርቃቸው መሐሉ ደህና ነው፤ የተበላው የእጅ መደገፊያው ጫፍ ነው። በሁሉም ላይ እዚያው ቦታ ቀዳዳ አለ፣ ስፖንጁ ወጥቷል። አይጥ አይደለም፣ እርጅናም አይደለም፤ የሰው ጣት ነው። ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚናገረውን እያሰበ ሲቆፍር፣ ሲቆፍር። ግንቡ ቀዳዳው ውስጥ ጣቱን ከተተ፤ ልክ ሆነለት። ቤቱ ያለው ሶፋ ላይ፣ እሱ የሚቀመጥበት በኩል፣ እንደዚሁ ያለ ቀዳዳ አለ። "ያኔ ነው ብቻዬን እንዳልሆንኩ የገባኝ" ብሎኛል።

እንዲህ ከገባህ ታዲያ ተናገር! አልተናገረም። ሁለት ወንበር ሠርቶ "ሳምንት እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ።

በሳምንቱም ሄደ። በሌላውም ሄደ። መቀበያዋ ሻይ ታፈላለታለች። አንዲት ባለመነጽር አማካሪ አለች፣ ጠና ያለች ሴት፤ እየወጣች አንዱን አንዱን ሰው በየተራው ትጠራለች፣ "ግቢ የኔ እመቤት"፣ "ይግቡ አባቴ" እያለች። ግንቡ አንገቱን ወንበር ሥር ቀብሮ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ሲገቡ ጎብጠው፣ ሲወጡ ትንሽ ቀና ብለው። ሽማግሌው አንድ ቀን ሲወጡ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ግንቡ ይሄን ያያል፣ ሚስማሩን ይመታል።

"ነገርካቸው?" ትለዋለች የወንድሜ ልጅ።

"ሦስት ወንበር ይቀረኛል።"

"ምን?"

"የአንዱ እግሩም ይወዛወዛል።"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ችግርህን ንገር አልኩህ እንጂ ሥራ ፈልግ አልኩህ?"

"ጥሩ ሰዎች ናቸው" ይላታል። "ሻይ ይሰጡኛል።"

ራሷን ይዛ ቀረች። ስትነግረኝ ራሱ እንደገና ራሷን ይዛ ነበር።

ወንበር ግን ያልቃል። የመጨረሻዋ ወንበር ላይ የደረሰ ቀን ጠዋት ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። በምሳ ሰዓት የት እንደሚሄድ ሰው ነግሯታል፤ ወንበር ሊሠራ መሆኑን አታውቅም፣ ሊከሳት መስሏታል። አልጮኸችም። ኮሌታውን አስተካከለችለትና "ማታ በጊዜ ና። ካውያውን ሰክቼ እጠብቅሃለሁ፤ ዛሬ ትከሻህ ላይ አይደለም፣ ፊትህ ላይ ነው" አለችው።

እንግዲህ ቢሮው ሲገባ ይቺን ይዞ ነው። ዛሬ ካልተናገረ ነገ በምን አፉ ይናገራል? አንዲት ወንበር ገልብጦ፣ ሚስማሩን ጎርሶ፣ መዶሻውን ይዞ አንዷን ሚስማር ደጋግሞ ይስታታል። ያ ሁሉ ሰውነት!

በዚህ መሐል በሩ ተበረገደና አንድ ቀጭን ሰው ቦርሳ አንግቶ ገባ።

"ሰላም ዋላችሁ! ለወንበር ተደውሎልኝ ነበር። ትንሽ ዘገየሁ መሰለኝ?"

ትንሽ! ወር አልፎታል። የእጅ ባለሙያ እንደዚህ ነው፤ "መጣሁ" ብሎ ይተኛል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሰዓት አሳልፌ አላውቅም፤ ያ የሙሽሮቹ አልጋ እንኳ የገባው በሰዓቱ ነው፣ ቤቱ ነው የተሳሳተው።

ቀጭኑ ግንቡን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ደግሞ ማነው? ሥራዬን ነው እንዴ የምትሠራው? ወንድሜ፣ ሌላ ሰው የተጠራበት ቤት አይገባም!"

"እምም" አለ ግንቡ።

"እምም ምንድን ነው? አፍ የለህም? ዝም ብሎ የሰው እንጀራ... እህቴ፣ እኔን አይደለም እንዴ የጠራሽው? ይሄው ቁጥርሽ!"

መቀበያዋ ግራ ገባት። ቀጭኑን አየች፣ ግንቡን አየች። "አንተ የወንበሩ ሰውዬ አይደለህም እንዴ?"

ግንቡ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"ታዲያ ማነህ?"

ሰው ሁሉ፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ወደ እሱ ዞረ ብሎኛል፤ ሕፃኑን እንጃ። ግንቡ ከተንበረከከበት ተነሣ። መዳፉን ዘረጋና ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አወጣቸው፤ ረጅም ጊዜ ፈጀበት፣ ማንም አላቻኮለውም። ከዚያ በዚያ በቀጭን ድምፁ፣

"እኔ ወንበሩን ልጠግን አልነበረም የመጣሁት" አለ። "ልቀመጥበት ነበር።"

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያ ለፍላፊ ቀጭን ግን ፈጠነ፤ ቦርሳውን አስቀመጠና ከግንቡ እጅ መዶሻውን ቀስ ብሎ ተቀበለው።

"ግባ ወንድሜ" አለው። "እግሩን እኔ አስተካክለዋለሁ።"

ባለመነጽሯ በር ላይ ቆማ ነበር። "ግባ የኔ ጌታ" አለችው፤ ለሌሎቹ እንደምትለው።

ገባ። መጀመሪያ የጠየቃት ምን መሰላችሁ?

"እትዬ፣ ፖሊስ ይጠሩብኛል?"

"ከፈለግህ እንጠራልሃለን እንጂ አንጠራብህም።"

"የማክለውን አይተው ያምኑኛል?"

"እዚህ ቤት ሰው አንመዝንም" አለችው። "ዛሬ ማታ ቤት ብትገባ ምን ይሆናል?"

ነገራት። ከጫማው እስከ ካውያው ነገራት። ከደመወዙ ሲደርስ አለቀሰ፤ በካውያው አላለቀሰም፣ በታክሲ ገንዘቡ አለቀሰ። ሰው እንዲህ ነው፤ የቱ እንደሚያመው አይታወቅም። እሷም አላቋረጠችውም፣ "ለምን አትመታትም" አላለችውም፣ "እንዴት ወንድ ሆነህ" አላለችውም። ሲጨርስ እንዲህ አለችው፦ ዛሬ አትመለስም። አሁን ከኔ ጋር ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ቁስሉ ይታከማል፣ ሐኪሙም ያየውን ይጽፋል። መታወቂያህና ልብስህ ከፖሊስ ጋር ይወጣል፣ ብቻህን በዚያ በር አትገባም። ጠበቃ ነገ ታያለህ። ስልካችን ይሄ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት።

"ማደሪያውን ግን አልዋሽህም" አለችው። "ያለን ቤት የሴቶችና የልጆች ነው። ለወንድ አልጋ የለንም፤ ስንለምን ዓመት ሆነን። ዘመድ አለህ?"

የለውም። ወንድሙ ያለው ሩቅ ነው። ያኔ ለወንድሜ ልጅ ተደወለ። እሷ ምን ብላ መለሰች? ከመኪናዋ ሳትነሣ፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ፣ "አጎቴ ጎማ የሚያስቀምጥበት ክፍል አለው፤ ባዶ ነው" አለች።

ባዶ ነው! አሥራ ምናምን ጎማ ያለበት ክፍል! ሳትጠይቀኝ! ከዚያ ነው እኔ ጋ መጥታ ሻይ ይዛ ታሪኩን የነገረችኝ። ስትጨርስ "እና ጋሼ፣ ጎማዎቹን እናውጣ?" አለችኝ። ምን እላለሁ? እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው አይደለሁም። ጎማዎቹን እኔ አወጣኋቸው፤ እሺ፣ እሷ አወጣች፣ የት እንደሚቀመጡ ግን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ዕቃውን ለማምጣት በአሮጌዋ ፒካፕ መኪናዬ ሄድን፤ እኔ፣ ግንቡ፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ፖሊስ በሞተር። ሚስትየዋ በሩን ከፈተች። ፖሊሷን ስታይ ወዲያው እንባዋ መጣ፤ እንደዚያ በአንዴ የሚመጣ እንባ ያየሁት በመኪና አደጋ የተከሰሱ ሾፌሮች ላይ ብቻ ነው።

"እህቴ፣ እስቲ እዩት!" አለች። "የሚያክለውን እዩት! እኔ ነኝ ይሄን የምመታ?"

"የሚያክለውን አላየሁትም" አለች ፖሊሷ። "ሐኪሙ የጻፈውን ነው ያየሁት። ዕቃውን ይውሰድ፤ እርስዎ እዚያ ጋ ይቁሙ።"

እኔም ፖሊሷ እንዳይደክማት ከፊት ቆምኩ። ግንቡ ገብቶ አንድ ሻንጣ፣ መታወቂያውን፣ ክረምት ካፖርቱን ይዞ ወጣ። ሲያልፍ "ትመጣለህ" አለችው በጥርሷ መሐል። እሱ ግን ሻንጣውን ታቅፎ ጋቢና ገባ።

ዛሬ ፍርድ ቤቱ ጨርሶለታል፤ ተፋቱ፣ እሷም በካውያ ስላቃጠለችው ተቀጥታለች። ደመወዙን በራሱ እጅ ይቀበላል። ክፍሉን ቀለም ቀብቶት ከኔ ቤት ይሻላል። ማታ ማታ ይመጣና ያወራኛል፤ ማለቴ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ያዳምጣል፤ ግን ሲጠየቅ አሁን በቃል ነው የሚመልሰው። ሶፋ ቤት ያሉትም ልጆች ግንቡ ተሰነጠቀ ማለት ትተዋል፤ አንዱ እንዲያውም በጎን ጠርቶ "ያ ቢሮ የት ነው ያልከው?" ብሎታል። ለማን እንደሆነ አልጠየቀውም።

ያን ዕለት ግን፣ ከሚስቱ ቤት መጥተን ግቢዬ እንደገባን፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ግንቡ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ አልወርድ አለ። ኪሱን ይዳብሳል፤ ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም እሱም እናውቃለን።

"ጋሼ" አለኝ፣ "የጭነቱን ስንት ልክፈልዎት?"

"የምን ጭነት?"

"ዕቃ ጭነው አመጡኝ እኮ።"

"ኋላ እየው። ምን አለ?"

ዞሮ አየ። ባዶ ነው፤ ከአንድ የተቀደደ ሸራ በቀር።

"ሻንጣህን ራስህ ነው የያዝከው። አንተ ደግሞ ጋቢና ተቀምጠሃል፤ እኔ ጋቢና ለተቀመጠ ሰው አላስከፍልም።"

"ነዳጁስ?"

"ነዳጁን የወንድሜ ልጅ ናት የምትከፍለው" አልኩት። "ክፍሌን ሳትጠይቀኝ የሰጠች እሷ አይደለችም? ውረድ በል።"

ወረደ። እሷ እንደሆነች እስከ ዛሬ አልከፈለችኝም።